ለአረጋውያን ወላጆች የጤና መድን በኮለምበስ፣ ኦሃዮ፦ ዕድሜ፣ የሥራ ዘመንና የአምስት ዓመቱ ጥበቃ

«በአሜሪካ 65 ዓመት የሞላው ሁሉ ሜዲኬር ያገኛል» የሚለው አነጋገር በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ለረዥም ዓመታት በዚያ ሀገር ሠርተው ግብር ለከፈሉ ሰዎች አነጋገሩ ትክክል ነው። ልጆቻቸው ስፖንሰር ሆነው በስተርጅና ላመጧቸው እናቶችና አባቶች ግን እውነትነቱ ግማሽ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ይዘው የመጡ የ70 ዓመት እናት፣ ግሪን ካርዳቸው በእጃቸው፣ ልጃቸውም በሥራ ላይ ሆኖ ሳለ፣ የመንግሥት የጤና መድን ሳያገኙ ዓመታትን ሊያሳልፉ ይችላሉ።

የኦሃዮ ዋና ከተማ ኮለምበስና የምትገኝበት ፍራንክሊን አውራጃ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ናቸው። በከተማዋ ለስደተኞችና ለመጤዎች አገልግሎት ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ የኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት ነው፤ ሥራውን ከጀመረ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ አስቆጥሯል። ወላጆቻቸውን ያመጡ ወይም ለማምጣት የሚያስቡ ልጆች በዚህች ከተማ የሚገጥማቸው ጥያቄ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ከሚነሣው ብዙም አይለይም። አረጋዊው መቼ፣ በየትኛው መድን፣ በስንት ዋጋ ይታከማሉ? ከ2026 ወዲህ መልሱ ከቀድሞው ይበልጥ ከብዷል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜዲኬር ምንድን ነው?

ሜዲኬር የፌዴራሉ መንግሥት ለአረጋውያንና ለአንዳንድ አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የጤና መድን ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሕጉን የፈረሙት ሐምሌ 30 ቀን 1965 በሚዙሪ ግዛት፣ ኢንዲፔንደንስ ከተማ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በተገኙበት ነበር። አገልግሎቱ የጀመረው በቀጣዩ ዓመት በሐምሌ 1966 ነው። ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የተቋቋመው ሜዲኬይድም የዚያው ሕግ ውጤት ነው። የሁለቱ ስም መመሳሰል እስከ ዛሬ ብዙዎችን ያደናግራል፤ ሜዲኬር በዋነኛነት በዕድሜና በሥራ ዘመን ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሜዲኬይድ ግን የገቢንና የንብረትን መጠን ይመለከታል።

ሜዲኬር አራት ክፍሎች አሉት። ክፍል «ኤ» ሆስፒታል ተኝቶ መታከምን ይሸፍናል። ክፍል «ቢ» የሐኪም ምርመራን፣ የላቦራቶሪ ሥራንና ሳይተኙ የሚደረግ ሕክምናን ይመለከታል። ክፍል «ዲ» የመድኃኒት ነው። ክፍል «ሲ» ወይም ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚባለው ደግሞ የግል ኩባንያዎች እነዚህን አገልግሎቶች አጣምረው የሚያቀርቡበት አማራጭ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ በነርሲንግ ሆም መቆየት፣ አብዛኛው የጥርስ ሕክምና፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ በመደበኛው ሜዲኬር አይሸፈኑም።

ሜዲኬር ነጻ አይደለም። በ2026 የክፍል «ቢ» መደበኛ ወርኃዊ መዋጮ 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ነው። መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው በዓመት የመጀመሪያውን 283 ዶላር ራሱ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላም በአብዛኛው አገልግሎት ላይ 20 በመቶው የእሱ ድርሻ ነው። ሆስፒታል ለሚተኛ ሰው የክፍል «ኤ» የመጀመሪያ ወጪ 1,736 ዶላር ነው። በመድኃኒት ረገድ አረጋውያንን የጠቀመ ለውጥ ተደርጓል። በክፍል «ዲ» የተመዘገበ ሰው መድኑ ለሚሸፍናቸው መድኃኒቶች በ2026 ከኪሱ የሚያወጣው ከ2,100 ዶላር አይበልጥም፤ ለኢንሱሊንም በወር ከ35 ዶላር በላይ አይጠየቅም።

የልጅ ሥራ ለወላጅ አይቆጠርም

ክፍል «ኤ»ን ያለ ወርኃዊ መዋጮ ለማግኘት 40 የሥራ ክሬዲት ያስፈልጋል። አንድ ሰው በዓመት ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛው አራት ክሬዲት በመሆኑ፣ ይህ በጥቅሉ የዐሥር ዓመት ሥራ ማለት ነው። በ2026 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,890 ዶላር ገቢ ነው። ክሬዲቱ የራስ ካልሆነ በትዳር ጓደኛ ሥራ ሊገኝ ይችላል።

ብዙ ቤተሰቦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሃያ ዓመት ሠርቶ ግብር ቢከፍልም፣ የልጁ ክሬዲት ለእናቱ ወይም ለአባቱ አይተላለፍም። አረጋዊው በኢትዮጵያ በመምህርነት፣ በውትድርና ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገሉበት ዘመንም አይቆጠርም። ዩናይትድ ስቴትስ የሥራ ዘመንን ለማጣመር ከተለያዩ ሀገሮች ጋር የጡረታ ስምምነት ቢኖራትም፣ ከኢትዮጵያ ጋር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም።

ክሬዲት የሌለው ሰው መድኑን ሊገዛ ይችላል፤ ለዚህ ግን ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው 65 ዓመት መሙላት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አሜሪካዊ ዜጋ መሆን፣ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ሆኖ ከማመልከቻው በፊት ለአምስት ተከታታይ ዓመታት በዩናይትድ ስቴትስ መኖር ነው። ከ30 ያነሰ ክሬዲት ያለው ሰው በ2026 ለክፍል «ኤ» በወር 565 ዶላር ይከፍላል፤ ከ30 እስከ 39 ክሬዲት ያለው 311 ዶላር ይከፍላል። ምንም ክሬዲት የሌላቸው እናት ሁለቱንም ክፍሎች ቢገዙ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 768 ዶላር ይጠጋል፤ በዓመት ከ9,200 ዶላር በላይ ነው። ክፍል «ቢ»ን ብቻ መግዛት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሆስፒታል ለመተኛት የሚወጣው ከባዱ ወጪ ያለ ሽፋን ይቀራል።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እንግዳ ነው። በኢትዮጵያ በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባላቱን የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው። የአሜሪካው ሜዲኬር ግን እያንዳንዱን ሰው ለብቻው ይመዝናል። በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማዕድ የሚኖሩ እናትና ልጅ በመድኑ ሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ መዝገቦች ናቸው።

ሜዲኬይድና የ1996ቱ ሕግ

ገቢ የሌላቸው አረጋውያን ተስፋ የሚያደርጉት ሜዲኬይድን ነው። በኦሃዮ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ለዚህ መድን የሚመዘኑት በገቢና በንብረት ነው። በመደበኛው የአረጋውያን ምድብ አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለው ተቆጣሪ ንብረት 2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ደግሞ 3,000 ዶላር ነው። የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና በአብዛኛው አይቆጠሩም።

ነገር ግን ነሐሴ 1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ አብዛኞቹ አዲስ የግሪን ካርድ ባለቤቶች ሜዲኬይድ ለማግኘት አምስት ዓመት እንዲጠብቁ ያስገድዳል። በልጆቻቸው ስፖንሰርነት የመጡ ወላጆችም ሆኑ በዲቪ ዕጣ የመጡ ሰዎች በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ለስደተኞችና ጥገኝነት ለተፈቀደላቸው ሰዎች ሕጉ የተለየ መንገድ አስቀምጦ ስለነበር፣ እነርሱ መስፈርቱን ካሟሉ ሳይጠብቁ ይገቡ ነበር። ስለዚህ በአንድ ኮለምበስ፣ በአንድ ሠፈር፣ ዕድሜያቸውና ሕመማቸው አንድ የሆኑ ሁለት አረጋውያን፣ አንዱ በስደተኝነት ሌላው በልጃቸው ጥያቄ በመምጣታቸው ብቻ የተለያየ ዕጣ ይገጥማቸዋል።

የ2025ቱ ሕግ ምን ለወጠ?

ሐምሌ 4 ቀን 2025 በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የተፈረመው የግብርና የወጪ ሕግ በመጤዎች የጤና መድን ላይ ሦስት ዐበይት ለውጦች አምጥቷል።

አንደኛው በጥበቃው ዘመን ላይ ያሉትን ወላጆች በቀጥታ ይነካል። በተለምዶ ኦባማኬር የሚባለው ሕግ በሕጋዊ መንገድ የገቡ፣ ግን የአምስት ዓመቱ ደንብ ከሜዲኬይድ ያገዳቸው ሰዎች፣ ገቢያቸው ከድህነት ወለል በታች ቢሆንም እንኳ በማርኬትፕሌስ የግል መድን ሲገዙ የመንግሥት ድጎማ እንዲያገኙ ይፈቅድ ነበር። ለብዙ አዲስ መጤ አረጋውያን መሸጋገሪያ ድልድይ የነበረው ይህ አንቀጽ ነው። አዲሱ ሕግ ይህን ድጎማ ከ2025 ማብቂያ ጀምሮ አስቀርቷል። በወረርሽኙ ዘመን ተጨምሮ የነበረው ከፍ ያለ ድጎማም በዚያው ጊዜ አብቅቷል። በማርኬትፕሌስ ደንብ ከፍተኛው የዕድሜ ክልል ለወጣት ጎልማሶች ከሚጠየቀው እስከ ሦስት እጥፍ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ያለ ድጎማ ሙሉውን ዋጋ መክፈል ለአብዛኛው ቤተሰብ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ሜዲኬይድን ይመለከታል። ከጥቅምት 1 ቀን 2026 ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፈው ሙሉ ሜዲኬይድ ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና ለጥቂት የተለዩ ወገኖች ብቻ እንዲሆን ሕጉ ይደነግጋል። ግሪን ካርድ ገና ያላገኙ ስደተኞችና ጥገኝነት የተፈቀደላቸው አዋቂዎች ከዝርዝሩ ይወጣሉ።

ሦስተኛው በሜዲኬር ላይ የተደረገው ተመሳሳይ ገደብ ነው። ዐሥር ዓመት ሠርተው 40 ክሬዲት ያሟሉ ሰዎች እንኳ፣ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ከሌላቸውና በሕጉ ከተለዩት ጥቂት ወገኖች ካልሆኑ፣ መድኑን አያገኙም። ቀድሞ ተመዝግበው የነበሩት ደግሞ ሕጉ ከተፈረመ ከ18 ወራት በኋላ፣ ማለትም በጥር 2027 መጀመሪያ፣ ይቋረጥባቸዋል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት ግልጽ ነው፤ በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የገቡ አረጋውያን የግሪን ካርድ ማመልከቻቸውን ጊዜው እንደፈቀደ ማስገባት ይኖርባቸዋል።

የስፖንሰሩ ፊርማ

ወላጁን የሚያመጣ ልጅ የሚፈርመው የድጋፍ ቃል በሕግ የሚያስገድድ ውል ነው። ፈራሚው ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተወሰነው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆኑን ያሳያል። ግዴታው የሚያበቃው ወላጁ ዜጋ ሲሆኑ፣ 40 ክሬዲት ሲያሟሉ፣ ነዋሪነታቸውን ትተው ከሀገር ሲወጡ ወይም ሲሞቱ ነው። አምስት ዓመት በመሙላቱ ብቻ አይቀርም።

በዚህም ምክንያት የጥበቃው ዘመን አልቆ ወላጁ ለሜዲኬይድ ሲያመለክቱ፣ የስፖንሰሩ ገቢ እንደ ወላጁ ገቢ ሊቆጠርና ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ይችላል። ዜግነት ሲገኝ ይህ ስሌት ይቀራል። ሜዲኬር ግን በድህነት መስፈርት የሚሰጥ ስላልሆነ የስፖንሰሩ ገቢ አይነካውም።

በጥበቃው ዘመን በኮለምበስ ያሉ አማራጮች

ማርኬትፕሌስ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ኦሃዮ የምትጠቀመው የፌዴራሉን ማርኬትፕሌስ ነው። የድጎማው ስሌት የሚመለከተው በአንድ የግብር ማስታወቂያ ላይ ያሉትን ሰዎች ገቢ ነው። ልጁ የወላጁን ኑሮ ከግማሽ በላይ የሚሸፍን ሆኖ፣ ሌሎቹንም መስፈርቶች አሟልቶ ወላጁን በግብር ማስታወቂያው ላይ በጥገኝነት ካስመዘገበ፣ የሚታየው የልጁ ቤተሰብ ገቢ ይሆናል። ይህ ገቢ በድህነት ወለሉና በአራት እጥፉ መካከል ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጅ በ2026ም ድጎማ ሊያገኙ ይችላሉ። አዲስ የመጣ ሰው መደበኛውን የምዝገባ ወቅት ሳይጠብቅ በገባ በ60 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ስለሚፈቀድለት፣ ወላጁ በደረሱ ሰሞን መጠየቅ ይበጃል። አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የሚሰጡት መድን አብዛኛውን ጊዜ የትዳር ጓደኛንና ልጆችን እንጂ ወላጆችን አይጨምርም።

ሁለተኛው አማራጭ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ናቸው። በኮለምበስ ፕራይመሪዋን ሄልዝ እና ሃርት ኦፍ ኦሃዮ ፋሚሊ ሄልዝ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች መክፈል አይችልም ብለው ታካሚን አይመልሱም፤ ክፍያውን እንደ ገቢው መጠን ዝቅ ያደርጋሉ። የደም ግፊትና የስኳር ክትትልን የመሳሰለ የዘወትር ሕክምና ለሚያስፈልጋቸው አረጋውያን፣ ድንገተኛ ክፍል ከመድረሳቸው በፊት የሚገኝ አስተማማኝ ቦታ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው የኦሃዮ ሕግ ነው። የሆስፒታል እንክብካቤ ዋስትና መርሐ ግብር በሚባለው አሠራር መሠረት፣ የግዛቱ ሆስፒታሎች ገቢያቸው ከድህነት ወለል ላልበለጠ የኦሃዮ ነዋሪዎች አስፈላጊውን የሆስፒታል አገልግሎት በነጻ መስጠት አለባቸው። በ2025 ወለሉ ለአንድ ሰው በዓመት 15,650 ዶላር ነበር። ሜዲኬይድ ያለው ሰው በዚህ አይስተናገድም፤ መርሐ ግብሩ የቆመው ለሌሎቹ ነው። በዚህ ስሌት ቤተሰብ የሚባሉት ታካሚው፣ የትዳር ጓደኛውና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ ከጎልማሳ ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ የራሳቸው ገቢ የሌላቸው እናት በራሳቸው ገቢ ሊመዘኑ ይችላሉ። ማመልከቻው የሚቀርበው ለሆስፒታሉ የሒሳብ ክፍል ሲሆን፣ የሕክምናው ደረሰኝ ከመጣ በኋላም ማመልከት ይቻላል። ነጻ የሚሆነው የሆስፒታሉ ድርሻ ነው፤ ሐኪሞች ለብቻቸው የሚልኩት ሒሳብ ላይካተት ይችላል።

ገቢያቸው ከዚህ ከፍ ለሚል ታካሚዎችም ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች በጽሑፍ የሰፈረ የክፍያ እገዛ ደንብ እንዲኖራቸው የፌዴራል ሕግ ያዝዛል። በከተማዋ ያሉት ትልልቆቹ የሕክምና ተቋማት፣ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዌክስነር ሕክምና ማዕከል፣ ኦሃዮሄልዝ እና ማውንት ካርሜል የገንዘብ እገዛ ማመልከቻ አላቸው። ደረሰኙ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ እስኪሄድ ዝም ከማለት፣ እንደደረሰ ደውሎ ማመልከቻውን መጠየቅ ይሻላል።

አራተኛው የድንገተኛ ጊዜ ነው። በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ የድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሜዲኬርን የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ማንኛውንም ታካሚ የመክፈል አቅሙን ሳይጠይቁ እንዲመረምሩና ሕይወቱን ከአደጋ እንዲያረጋጉ ያስገድዳል። ሒሳቡ ግን ከኋላ ይመጣል። የአምስት ዓመቱን ጥበቃ ባለማጠናቀቃቸው ብቻ ሜዲኬይድ ያላገኙ፣ ሌላውን መስፈርት የሚያሟሉ ሰዎች ለዚያ ድንገተኛ ሕክምና ብቻ የሚከፍል የድንገተኛ ጊዜ ሜዲኬይድ መጠየቅ ይችላሉ። ማመልከቻውን የሚቀበለው የፍራንክሊን አውራጃ የሥራና የቤተሰብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ነው።

አምስት ዓመት ሲሞላ

ሜዲኬር አምስት ዓመት ስለሞላ ብቻ በራሱ አይጀምርም፤ ማመልከት ያስፈልጋል። ከ65 ዓመት በኋላ ለመጡ ሰዎች የመጀመሪያው የምዝገባ ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ አምስት ዓመቱ ከሚሞላበት ወር ሦስት ወር ቀድሞ ይጀምርና ከዚያ ወር በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ያበቃል። ይህ ካለፈ እስከሚቀጥለው ጥር መጠበቅ ግድ ይሆናል፤ አጠቃላይ ምዝገባ የሚከፈተው ከጥር 1 እስከ መጋቢት 31 ነውና። መዘግየቱ ቅጣትም አለው። በክፍል «ቢ» ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር መዘግየት መዋጮው ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፤ ጭማሪው በአብዛኛው እስከ ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ብቁ ያልነበሩበት የጥበቃ ዘመን ግን እንደ መዘግየት አይቆጠርም።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያን ኦሃዮ የሜዲኬር መዋጮ እገዛ መርሐ ግብር አላት። በዚህ መርሐ ግብር ዝቅተኛው የገቢ ምድብ ላሉት ግዛቱ የክፍል «ቢ»ን መዋጮ፣ የክፍል «ኤ» መዋጮ ካለባቸውም ያንኑ ጭምር፣ እንዲሁም የታካሚውን ድርሻ ይከፍላል። መርሐ ግብሩ የሚካሄደው በሜዲኬይድ በኩል ስለሆነ፣ ቀደም ሲል የተገለጸው የስፖንሰር ገቢ ጉዳይ እዚህም ይነሣል። የመድኃኒት ወጪን የሚያቃልል የፌዴራል «ተጨማሪ እገዛ» የሚባል ድጋፍም አለ፤ ማመልከቻው ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይቀርባል።

የስፖንሰሩን ገቢ ከስሌቱ የሚያወጣው ዜግነት ነው። አብዛኛው የግሪን ካርድ ባለቤት አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ለዜግነት ማመልከት ይችላል። እንቅፋቱ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። በራስ ቋንቋ መፈተንን የሚፈቅዱት የዕድሜ ልዩ ደንቦች ረዥም የነዋሪነት ዘመን ይጠይቃሉ፤ 50 ዓመት የሞላው ሰው 20 ዓመት፣ 55 የሞላው ደግሞ 15 ዓመት በግሪን ካርድ መቆየት አለበት። በ68 ዓመታቸው የመጡ አባት እዚያ የሚደርሱት በ83 ዓመታቸው ነው። እንደ መርሳት በሽታ ባለ ሕመም ምክንያት መማር ለማይችሉ አረጋውያን ሐኪም የሚሞላው «ኤን 648» የተባለ ቅጽ ከፈተናው ነጻ ሊያደርጋቸው ይችላል። ዕድሜ ብቻውን ግን ለዚህ ምክንያት አይሆንም። ስለዚህ ጤንነታቸው የሚፈቅድላቸው ወላጆች የእንግሊዝኛ ትምህርቱን በመጡበት ዓመት ቢጀምሩት ጥቅሙ የቋንቋ ብቻ አይሆንም።

በቤት ውስጥ የሚሰጥ እንክብካቤ

ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አረጋዊውን ወደ ነርሲንግ ሆም ከመላክ ይልቅ በቤት መጦርን ይመርጣል። ሁለት ፈረቃ የሚሠራ ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ከእናቱ ጋር ሊውል አይችልም። ኦሃዮ ለዚህ ፓስፖርት የተሰኘ የሜዲኬይድ መርሐ ግብር አላት። ከመጓጓዣ ፓስፖርት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ የነርሲንግ ሆም ደረጃ እንክብካቤ ለሚያስፈልጋቸው የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች በቤታቸው የሚረዳ ሰው፣ ምግብና ሌሎች አገልግሎቶችን ያቀርባል። በኮለምበስና በአካባቢዋ ይህን የሚያስተባብረው፣ ፍራንክሊንን ጨምሮ ስምንት አውራጃዎችን የሚያገለግለው የማዕከላዊ ኦሃዮ የአረጋውያን ኤጀንሲ ነው። ሜዲኬርም ሜዲኬይድም ያላቸው ሰዎች በፍራንክሊን አውራጃ ሁለቱን መድኖች በአንድ ዕቅድ በሚያጣምረው ማይኬር ኦሃዮ በኩል ይስተናገዳሉ።

ሜዲኬይድ ለሌላቸው ደግሞ የአውራጃው የአረጋውያን ጽሕፈት ቤት ሲንየር ኦፕሽንስ የተባለ አገልግሎት ይሰጣል። ገንዘቡ የሚገኘው ነዋሪዎች በድምፅ ካጸደቁት የንብረት ግብር ነው። ለ60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የአውራጃው ነዋሪዎች ምግብ ቤት ድረስ ያደርሳል፣ የቤት ሥራ ያግዛል፣ በግል ንጽሕና ይረዳል፣ የድንገተኛ ጥሪ መሣሪያም ያቀርባል። ተጠቃሚው እንደ ገቢው መጠን በወጪው ሊካፈል ይችላል።

ቤተሰቦች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ኦሃዮ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሜዲኬይድ የከፈለችውን ወጪ፣ ተጠቃሚው ሲሞት ከተወው ንብረት ልትጠይቅ ትችላለች። የትዳር ጓደኛ በሕይወት እስካለ ድረስ ይህ አይደረግም። በወላጅ ስም ቤት የመመዝገብ ሐሳብ ያለው ልጅ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ማማከር ይኖርበታል።

የቋንቋ መብት

መድን ያለው አረጋዊ ሕመሙን ማስረዳት ካልቻለ መድኑ ትርጉም ያጣል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የኦባማኬር ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የሕክምና ተቋማት ብቃት ያለው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርቡ ያዝዛሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ ቀጠሮ ሲያዝ መጠየቅ ይቻላል፤ በአካል ካልተገኘ በስልክ ወይም በቪዲዮ ሊቀርብ ይችላል። ልጅን ወይም የልጅ ልጅን ማስተርጎም የተለመደ ቢሆንም አደጋ አለው። እናት በልጃቸው ፊት የማይናገሩት ሕመም ይኖራል፤ ልጅም ከባድ ዜናን አለስልሶ ወይም ሸሽጎ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ወደ ሀገር ቤት የሚደረግ ጉዞ

ብዙ አረጋውያን ለክረምቱ ብርድ፣ ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ወደ ኢትዮጵያ ሄደው ወራት ይቆያሉ። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከዩናይትድ ስቴትስ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም፤ ስለዚህ የጉዞ መድንና በቂ መድኃኒት ያስፈልጋል። የጥበቃ ዘመናቸውን ላልጨረሱት ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የሜዲኬሩ አምስት ዓመት ተከታታይ መሆን ስላለበት፣ ረዥም ቆይታ በነዋሪነት ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ለዜግነትም ቢሆን ከስድስት ወር በላይ በውጭ መቆየት የነዋሪነትን ተከታታይነት አጠራጣሪ ያደርገዋል፤ አንድ ዓመት መቆየት ደግሞ በአብዛኛው ያቋርጠዋል።

የት መጠየቅ ይቻላል?

የኦሃዮ የመድን መሥሪያ ቤት ኦሺፕ በሚባለው መርሐ ግብሩ አማካይነት ስለ ሜዲኬር ነጻ ምክር ይሰጣል፤ መድን አይሸጥም። ስልኩ 1-800-686-1578 ነው። የኦሃዮ ሜዲኬይድ ስልክ 1-800-324-8680 ነው። የሜዲኬር ምዝገባ የሚካሄደው በሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሲሆን፣ ስልኩ 1-800-772-1213 ነው። የሜዲኬር አጠቃላይ መረጃ በ1-800-633-4227 ይገኛል። በእነዚህ የመንግሥት ስልኮች አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። በየዓመቱ ከጥቅምት 15 እስከ ታኅሣሥ 7 ድረስ የሜዲኬር አባላት ዕቅዳቸውን የሚቀይሩበት ወቅት በመሆኑ፣ የሜዲኬር ካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ያልታወቁ ደዋዮች ይበዛሉ። ሜዲኬር ሳይጠየቅ ደውሎ ዕቅድ አይሸጥም፤ ለእንዲህ ያለ ደዋይ ቁጥሩን መስጠት አይገባም።

ወላጁን ለማምጣት ቅጹን የሚሞላ ልጅ ቲኬቱንና መኝታ ክፍሉን እንደሚያስብ ሁሉ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ሕክምና አብሮ ማሰብ ይጠበቅበታል። ወላጁ በ60 ዓመታቸው ከመጡ ጥበቃው ከ65ኛ ዓመታቸው ጋር ይገጣጠማል፤ በ72 ዓመታቸው ከመጡ ግን እስከ 77 ዓመታቸው ይዘልቃል። የመጡበትን ቀን መዝግቦ መያዝ፣ ለምዝገባው ሰባት ወር ቀደም ብሎ መዘጋጀት፣ እስከዚያው ደግሞ የዘወትር ሕክምናውን በጤና ጣቢያ ማስያዝ፣ በዚህ የጥበቃ ዘመን በቤተሰቡ እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።